ሙያ በልብ ብቻ ሲቀር፦ የሜሪ አኒንግ ሕይወት

በዚህ እትም ታሪኳን ይዘንላችሁ የቀረብነው ሴት ንግሥት አይደለችም፤ ጦር አልመራችም፤ ከባለጸጋ ቤትም አልተወለደችም። የድሃ አናጢ ልጅ ነበረች። መተዳደሪያዋም ከባሕር ዳር ገደል ሥር ድንጋይ እየለቀሙ መሸጥ ነበር። ሆኖም ዛሬ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ጎብኚዎች ቆመው ከሚደነቁባቸው የጥንት የባሕር አራዊት አጽሞች መካከል በእሷ መዶሻ ከገደል የወጡ ይገኙበታል። ስሟ ሜሪ አኒንግ ይባላል። የእንግሊዝ አገር ሰው ስለሆነች በጽሑፋችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ በሜይ 21 ቀን 1799 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ላይም ሪጂስ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደች። አባቷ ሪቻርድ የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር። እናቷን የቅርብ ሰዎቿ ሞሊ ይሏታል። ባልና ሚስቱ ወደ አሥር የሚጠጉ ልጆች ወልደው፣ አድገው ለወግ ለማዕረግ የደረሱላቸው ሜሪና ታላቅ ወንድሟ ጆሴፍ ብቻ ናቸው። ሜሪም ብትሆን ለጥቂት ነው የተረፈችው። ገና ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆናት፣ አንዲት ጎረቤት ታቅፋት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ዛፍ ሥር ቆማ ሳለ መብረቅ ወደቀ። ሦስቱም ሴቶች ሞቱ፤ ሕፃኗ ተረፈች። የከተማው ሰውም ሕመምተኛ የነበረችው ልጅ ከመብረቁ ወዲህ ነው ነቃ ያለችው እያለ ሲያወራ ኖረ።

የላይም ሪጂስ ገደሎች ከኖራ ድንጋይና ከጭቃ ድንጋይ የተደራረቡ ናቸው። ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቦታው ባሕር ነበር። በባሕሩ ውስጥ የሞቱት እንስሳት ጭቃ ውስጥ ተቀብረው በረጅም ዘመን አጥንታቸው ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። እኛ ድንቅነሽን ያገኘን ሕዝቦች ቅሪተ አካል የሚለውን ቃል እናውቀዋለን፤ በዚያን ዘመን ግን ነገሩን የተረዳው ሰው ጥቂት ነበር። ክብ ሆኖ የተጠመዘዘውን ቅርፊት የአገሬው ሰው የእባብ ድንጋይ፣ ቀጥ ብሎ የሾለውን ደግሞ የሰይጣን ጣት ይለው ነበር። በክረምት ማዕበል ገደሉን ሲመታው ናዳ ይወርዳል፤ ናዳው አዲስ ድንጋይ ያወጣል። የሜሪ አባት ይህን እየለቀመ፣ በበጋ ባሕር ሊታጠቡ ለሚመጡ እንግዶች ይሸጥ ነበር። ሁለቱን ልጆቹንም ይዟቸው እየወጣ የት እንደሚፈለግ፣ እንዴት እንደሚፈለፈል አስተማራቸው።

በ1810 አባቷ ሞተ። ሜሪ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ሪቻርድ ለቤተሰቡ ትቶ ያለፈው ወደ 120 ፓውንድ የሚደርስ ዕዳ ነው። ቤተሰቡ አጥቢያው ለድሆች በሚሰጠው ድጎማ ላይ ወደቀ። ጆሴፍ የእጅ ሙያ ለመማር ባለሙያ ዘንድ ገባ። ድንጋዩን የመልቀም ሥራ ግን አልቆመም፤ እናትና ልጆች አብረው ገፉበት። ብዙ ጊዜ ስለ ሜሪ ሲነገር የሞሊ ስም ይረሳል። የሽያጩን ጉዳይ ለዓመታት የያዘችው ግን ያቺ ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። በ1821 ለብሪቲሽ ሙዚየም ደብዳቤ ጽፋ የዕቃዋን ክፍያ የጠየቀች ሴት ናት።

የቤቱን ዕጣ የለወጠው ነገር የመጣው አባትየው በሞተ በዓመቱ ነው። በ1811 ጆሴፍ ከገደሉ ውስጥ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ረጅም የራስ ቅል አገኘ። ሜሪ ቀሪውን አካል ስትፈልግ ቆይታ በሚቀጥለው ዓመት አገኘችው። ሠራተኞች ቀጥረው አስቆፍረው ያወጡት አጽም ወደ አምስት ሜትር ይደርስ ነበር። ሰው ሁሉ አዞ ነው አለ፤ ነገር ግን አዞ አልነበረም። ኋላ ኢክቲዮሳውር የተባለው፣ መልኩ ዓሣ የሚመስል የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳ ነበር። አጽሙን የአካባቢው ባለርስት በ23 ፓውንድ ገዛቸው። በ1819 ደግሞ ያው አጽም ለብሪቲሽ ሙዚየም በ45 ፓውንድ ተሸጠ። ከ1814 ጀምሮ አንድ ስመ ጥር የለንደን ሐኪም ስለዚሁ እንስሳ ተከታታይ ጽሑፎችን አሳተመ። በጽሑፎቹ ውስጥ አጽሙን ያገኘችው ልጅ ስም አልተጠቀሰም።

ሜሪ የተማረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ ብቻ ነው። ቀሪውን ዕውቀቷን ያካበተችው በራሷ ጥረት ነው። መጽሐፍ የመግዛት አቅም ስላልነበራት የሊቃውንቱን ጽሑፍ ተውሳ በእጇ ትገለብጥ ነበር፤ ሥዕሎቹን ሳይቀር መስመር በመስመር ታስቀራቸዋለች። ከድንጋይ ውስጥ ያገኘችውን አጥንት ለመረዳት የዛሬውን ዓሣ እየቀደደች የአካሉን አሠራር ታጠናለች። ከእሷ ወደ 20 ዓመት የምትበልጥ ኤሊዛቤት ፊልፖት የምትባል ወዳጅ ነበረቻት። ኤሊዛቤት ከደህና ቤት የተወለደች፣ እሷም ድንጋይ የምትሰበስብ ሴት ናት። እንድታነብ የገፋፋቻት፣ በገደሉ ሥር አብራት የምትወጣውም እሷ ነበረች። በኑሮ የተራራቁት ሁለቱ ሴቶች በሥራ ተገናኙ፤ ወዳጅነታቸውም ዘለቀ።

ዕውቀት ቢጨምርም ኪስ አልሞላም። ትልቅ አጽም በየዓመቱ አይገኝም፤ ሳይገኝ ሲቀር ቤቱ ይራባል። በ1820 ቶማስ በርች የተባለ ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን፣ የዘወትር ደንበኛቸው፣ ሊጠይቃቸው ቢመጣ የቤት ኪራይ ለመክፈል ዕቃቸውን ሊሸጡ ሲሰናዱ አገኛቸው። በርች ያዘነው በከንፈሩ ብቻ አይደለም። ከእነሱም ከሌሎችም ገዝቶ ያጠራቀመውን የቅሪተ አካል ስብስብ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል በለንደን በጨረታ አሸጠ፤ ሽያጩም 400 ፓውንድ አስገኘ። ጨረታው ከገንዘቡ በላይ ሌላም ጥቅም ነበረው፤ የአኒንግ ቤተሰብ ስም በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ እንዲታወቅ አደረገ።

በ1823 መጨረሻ ሜሪ አንገቱ እጅግ የረዘመ፣ ራሱ ትንሽ፣ እግሩ እንደ መቅዘፊያ የሆነ እንስሳ ሙሉ አጽም አወጣች፤ ፕሊሲዮሳውር ይባላል። ሥዕሉ ፓሪስ ደርሶ ዝነኛው ሊቅ ጆርጅ ኩቪዬ ሲያየው ተጠራጠረ። እንዲህ ያለ ረጅም አንገት አይኖርም፣ የሁለት እንስሳ አጥንት ተገጣጥሞ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ አደረበት። ይህ ለሜሪ ቀላል ነገር አልነበረም። አጭበርባሪ ተብላ ስሟ አንዴ ከጠፋ ከእሷ የሚገዛ አይኖርም፤ እንጀራዋ ይቆረጣል ማለት ነው። በ1824 መጀመሪያ የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር ተሰብስቦ ነገሩን መረመረ፤ አጽሙ እውነተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ኩቪዬም ስሕተቱን ተቀበለ። በዚያ ስብሰባ ስለ እንስሳው ያስረዳው ዊልያም ኮኒቤር ነበር። ሜሪ አልተጋበዘችም፤ ስሟም አልተነሳም። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው፤ ይኸውም እሷ ከሞተች ከ72 ዓመት በኋላ።

በ1826 ሜሪ ካጠራቀመችው ገንዘብ ፊቱ መስተዋት የሆነ ሱቅ ያለበት ቤት ገዛች፤ ገና 27 ዓመቷ ነበር። ከአውሮፓም ከአሜሪካም ሰው እየመጣ ይገዛት ጀመር። በ1828 በራሪውን ተሳቢ እንስሳ ቴሮሳውርን አገኘች፤ ከጀርመን ውጭ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ሥራዋ ግን ማግኘት ብቻ አልነበረም፤ ታስተውልም ነበር። በኢክቲዮሳውር ሆድ አካባቢ የሚገኙ ክብ ድንጋዮች ሲሰበሩ በውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት እንዳለባቸው አየች። ዊልያም በክላንድ የተባለው ሊቅ የእሷን ምልከታ ተከትሎ ድንጋዮቹ የእነዚያ አራዊት ኩስ መሆናቸውን በ1829 ገለጸ። የሰይጣን ጣት በሚባለው ቅሪተ አካል ውስጥም የደረቀ ቀለም አገኘች። ወዳጇ ኤሊዛቤት ያን ቀለም በውሃ በጥብጣ የቅሪተ አካል ሥዕል ሣለችበት።

ሥራው አደገኛ ነበር። ጥሩው ድንጋይ የሚገኘው በክረምት፣ ናዳው ትኩስ ሳለ፣ ባሕሩ ከመመለሱ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። በ1833 ከእሷ የማይለየው ውሻዋ ትሬይ አጠገቧ ናዳ ወርዶበት ሞተ። እሷን የሳታት ለጥቂት ነው። በ1835 ደግሞ ሌላ ዓይነት ናዳ መጣ፤ ለዓመታት ያጠራቀመችው ገንዘብ አብዛኛው፣ ወደ 300 ፓውንድ የሚጠጋ፣ ሳይሳካ በቀረ መዋዕለ ንዋይ ጠፋ። በክላንድ ይህን ሲሰማ የብሪታንያን የሳይንስ ማኅበርና መንግሥትን ለምኖ በየዓመቱ 25 ፓውንድ እንዲቆረጥላት አደረገ። ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ግን የማይቋረጥ ነበር። አጽም የተገኘበት ዓመትም ያልተገኘበት ዓመትም እኩል ይመጣል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ የጡት ካንሰር ያዛት። ሕመሙን ለማስታገስ ኦፒየም ያለበት መድኃኒት ትወስድ ስለነበር፣ ስትወላገድ ያዩ አንዳንድ የከተማው ሰዎች መጠጥ ጀምራለች ብለው አሟት። በማርች 9 ቀን 1847 በ47 ዓመቷ ዐረፈች። በሕይወት ሳለች ያላስገባት የሥነ ምድር ማኅበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንቱ ሄንሪ ደ ላ ቤሽ መታሰቢያ ንግግር አደረገላት። ማኅበሩ ለሴት እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። በ1850 በአጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን የመታሰቢያ መስኮት ቆመላት፤ በመስታወቱ ላይ የተሣለውም የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታመመን መጠየቅ የመሳሰለው የምሕረት ሥራ ነው። በ2022 ደግሞ በተወለደችበት ቀን በላይም ሪጂስ ሐውልቷ ተመረቀ። ሐውልቱ እንዲቆም ዘመቻውን የጀመሩት አንዲት ልጅና እናቷ ናቸው።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ስለ አጽም ልናስተምር ብለን ብቻ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሙያ በልብ ነው ይባላል። ጨዋ ሰው የሚያውቀውን አያወራም ለማለት ነው፤ አባባሉ መልካም ነው። የሜሪ ሕይወት ግን ሌላውን ወገን ያሳየናል። እሷ ሙያዋን በልቧ ያዘች፤ ሌሎች በወረቀት ያዙት። አጽሙ ሲሸጥ እሷ አንድ ጊዜ ተከፈላት። ስሙ የተጻፈለት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ሲከበርበት ኖረ። ሠርቶ የማይጻፍለት ሰው ዋጋውን እንጂ ዕውቀቱን የኔ ነው ሊል አይችልም።

በማኅበራችን ውስጥ ፈትሉን በጣቷ ዳስሳ ቀጭኑን ከወፍራሙ የምትለይ አለች፤ በርበሬው ፀሐይ እንደጠገበ በሽታው የምታውቅ አለች። ይህን ሙያ እንለዋለን እንጂ ዕውቀት ስንለው አይሰማም። ስለዚህ ሐሳብ እናቀርባለን፤ አንዲት አባል ለሌሎች ሙያዋን ባሳየች ቁጥር የእሷ ስም፣ ያስተማረችው ነገርና ቀኑ በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር፤ ከሠልጣኞቹ ስምም በላይ ይጻፍ። ለደጋፊዎቻችንም የበርችንና የበክላንድን ነገር እናስታውሳለን። የበርች ጨረታ ቤቱን ከመፍረስ አድኖታል፤ ዕዳ በደጅ ሲቆም እንዲህ ያለ እጅ ያስፈልጋል። በየዓመቱ ሳትቀር የምትመጣው 25 ፓውንድ ግን ለሜሪ ሌላ ነገር ሰጠቻት፤ ነገ ምን እበላለሁ ሳትል ወደ ገደሉ እንድትወጣ አደረገቻት። ከዚያ በኋላ መዶሻዋን ይዛ የወጣችው በራሷ ጊዜ ነው።