ሄርማን ሆለሪት፤ ሕዝብ የሚቈጥር መኪና የሠራው መሐንዲስ

የመጨረሻውን ክፍል የሚማር ተማሪ ሁሉ አንድ ሐሳብ ዕረፍት ይነሣዋል። ይኸውም ትምህርቱን ሲፈጽም ምን ሥራ እንደሚይዝ ነው። በተለይ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ ለመሠማራት የሚመኝ ወጣት መንገዱ አንድ ብቻ ይመስለዋል፤ በዚያ መንገድ ከመጀመሪያው ያልገባ እንደ ሆነም ተስፋ ይቈርጣል። የሄርማን ሆለሪት ታሪክ ግን ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሆለሪት ከጀርመን አገር ከመጡ ወላጆች በ1860 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በባፋሎ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የቃላትን ፊደል አስተካክሎ መጻፍ እጅግ ያስቸግረው ነበር ይባላል። ሆኖም በትምህርቱ በርትቶ በ19 ዓመቱ፣ በ1879፣ ከኮሎምቢያ የማዕድን ትምህርት ቤት በመሐንዲስነት ተመረቀ። እንግዲህ ያጠናው የማዕድንን ሥራ እንጂ የሒሳብ መኪና መሥራትን አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ከመምህራኑ አንዱ ፕሮፌሰር ትሮብሪጅ በ1880 የአሜሪካ ሕዝብ ቈጠራ ላይ ይሠሩ ስለ ነበረ ይህን ወጣት ረዳት አድርገው ወሰዱት። በመሥሪያ ቤቱም ያየው ነገር አስገረመው። 50 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ዕድሜው፣ ሥራውና የትውልድ አገሩ በትልልቅ ወረቀት ተጽፎ ይመጣል፤ ጸሐፊዎችም መስመር በመስመር እያነበቡ፣ በእጃቸው ጭረት እየጫሩ ይደምራሉ። የዚያ ቈጠራ ውጤት ተጠቃሎ እስኪወጣ 7 ዓመት ያህል ፈጀ። ሕዝቡም እየበዛ ስለ ሄደ የአንዱ ቈጠራ ሒሳብ ሳያልቅ ሌላው እንዳይደርስ ያሠጋ ነበር። የልደትና የሞት ስታቲስቲክ ኃላፊ የነበሩት ሐኪም ጆን ሾው ቢሊንግስ ይህን ሥራ የሚሠራ መኪና ሊኖር እንደሚገባ ሐሳብ ሰጡት፤ ሆለሪትም ነገሩን በልቡ ያዘ።

ከዚያ ወዲያ ግን በቀጥታ ወደ ግቡ አልሄደም። በ1882 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አስተማሪ ሆነ፤ አንድ ዓመት ያህል ቈይቶ ያንን ተወና በዋሽንግተን የፈጠራ መብት በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ይህንንም ትቶ ለራሱ መሥራት ጀመረ። በመካከሉ ለባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፍሬን ቢፈለስፍ ተቀባይ አላገኘም። ይህ ሁሉ ለሚመለከተው የባከነ ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን በማስተማሩ የመኪናን አሠራር፣ በመሥሪያ ቤቱ የፈጠራን ሕግ፣ በፍሬኑም የኤሌክትሪክን ጠባይ ይበልጥ ዐወቀ።

በባቡር ሲጓዝም ተቈጣጣሪው የተሳፋሪውን የጠጕርና የዓይን መልክ በቲኬቱ ላይ ቀዳዳ በመብሳት ሲያመለክት አየ። ይህም ለመኪናው ሐሳብ ሰጠው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ መደበ፤ ወንድ እንደ ሆነ በአንዱ ስፍራ፣ ሴት እንደ ሆነች በሌላው ስፍራ ይበሳል፤ ዕድሜና ሥራም እንዲሁ። ካርዱ በመኪናው ላይ ተደርጎ እጀታው ሲጫን ብዙ የብረት መርፌዎች ይወርዳሉ። ቀዳዳ ያገኘው መርፌ አልፎ ሜርኩሪ ያለበትን ትንሽ ጽዋ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይተላለፍና ሰዓት በመሰለው ቈጣሪ ላይ አንድ ቍጥር ይጨመራል፤ ቀዳዳ ያላገኘው ግን ካርዱ ያግደዋል። የዛሬው ኮምፒውተርም መረጃን ሁሉ የሚይዘው በዚሁ ዓይነት፣ አለ ወይም የለም በሚሉ ሁለት ምልክቶች ነው።

በ1889 የቈጠራው መሥሪያ ቤት 3 ዘዴዎችን አወዳደረ። ሁለቱ ዘዴዎች ለመደመር 44 ሰዓት ተኩልና 55 ሰዓት ተኩል ያህል ሲፈጅባቸው፣ የሆለሪት መኪና በ5 ሰዓት ተኩል ጨረሰ። በ1890 ቈጠራም ከ62 ሚሊዮን የሚበልጠው የሕዝብ ጠቅላላ ድምር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታወቀ። ከዚህም ጋራ አዳዲስ ሥራዎች ተፈጠሩ። ካርድ የሚበሱ ጸሐፊዎች አስፈለጉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። መኪናውን የሚያንቀሳቅሱ፣ ሲበላሽ የሚጠግኑ፣ ምን ከምን ጋራ መቈጠር እንዳለበት የሚወስኑ ሠራተኞችም አስፈለጉ። መረጃ የሚያስገባው፣ ኮምፒውተር የሚጠግነውና መረጃን የሚመረምረው ባለሙያ ዛሬ የሚሠሩት የእነዚያን ሠራተኞች ሥራ ተከታይ ነው።

ሆለሪት በ1896 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። መኪናዎቹም በ1897 በተደረገው የሩሲያ ሕዝብ ቈጠራና በምድር ባቡር ሒሳብ ላይ ሠሩ። ነገር ግን በዋጋ ምክንያት ከቈጠራው መሥሪያ ቤት ጋራ ተጣላ። መሥሪያ ቤቱም የራሱን መኪናዎች አሠርቶ በ1910 ያለ እርሱ ቈጠረ፤ ስለዚህ ስሙን ያስጠራለትን ደንበኛ አጣ። በ1911 ኩባንያው ተሸጦ ከሌሎች ጋራ ተዋሐደ፤ ይኸው ድርጅት በ1924 አይ ቢ ኤም ተባለ። ሆለሪት በ1929፣ በ69 ዓመቱ፣ በዋሽንግተን ሞተ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ከመካከላችን የተመኘውን የትምህርት ክፍል ሳያገኝ የሚቀር ይኖራል። ሆለሪት ግን ለሥራው የበቃው በዲፕሎማው ስም ሳይሆን፣ ሌሎች የለመዱትን አድካሚ ሥራ አስተውሎ በመመልከቱ ነው። ሒሳብ የሚማረውም፣ ጤና የሚማረውም፣ እርሻ የሚማረውም በየሙያው ሰው በእጁ የሚደክምበትን ሥራ ያገኛል፤ ያንን ሥራ ጠንቅቆ ካወቀና የኮምፒውተርን አሠራር በላዩ ከጨመረ፣ ወደ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚገባበት በር ተከፍቶለታል። ከሰው ጋራ ተስማምቶ መሥራትንም አይርሳ፤ ሆለሪትን የጎዳው የዕውቀት ጕድለት አልነበረምና።