ያሬድ ሁለት ጊዜ ከአክሱም ወጣ

የፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት ከመካከላችን አንዱ ሻንጣውን አሥሮ ወደ አገሩ ሲሳፈር ያላየ ተማሪ የለም። መምህሩን ያማል፤ ትምህርቱን ያጣጥላል፤ የከተማውን ብርድ ሳይቀር ይከሳል። እኛም ብንሆን በልባችን ሻንጣ ያላሠርንበት መንፈቅ ዓመት የለም። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እስከ ስድስት ኪሎ ባለው ረዥም መንገድ፥ በአውቶቡስ ውስጥ ቆመን ስንሄድ፥ ይህንኑ ሐሳብ ብዙ ጊዜ አውጥተን አውርደናል። ይሁን እንጂ በሌሊት ስናጠና ከሩቅ የሚሰማን የማኅሌት ዜማ፥ ከትምህርቱ ሸሽቶ የነበረ የአንድ ተማሪ ሥራ መሆኑን ልብ ያልን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማቅረብ ወደድን።

ያሬድ የተወለደው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ነው። ገድሉ የተጻፈው ከዘመኑ ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ስለ ሆነ፥ የምንተርከው ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ያቆየችልንን ነው። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ ለዘመዷ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የታወቁ መምህር ነበሩ። ልጁ ግን መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ መያዝ አቃተው። ጓደኞቹ ሲያልፉ እርሱ እዚያው ቀረ፤ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ መምህሩም ገረፉት። በዚያ ዘመን ትምህርትና አለንጋ አይለያዩም ነበር፤ እኛ ግን ልጅን መግረፍ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ያሬድ መከራው ሲበዛበት ማንንም ሳይሰናበት ከአክሱም ወጣ። ሐሳቡ ወደ መደባይ ሄዶ ከዘመዱ ቤት መጠጋት ነበር።

በመንገድ ላይ ማይ ኪራሕ ከሚባል ውሃ አጠገብ ደክሞት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። በዛፉ ግንድ ላይ አንዲት ትል ወደ ፍሬው ለመድረስ ትወጣለች፤ ከመካከል ስትደርስ ትወድቃለች፤ እንደ ገና ትጀምራለች። ትውፊቱ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰች ይላል። ልጁም አይቶ አለቀሰ፤ ተነሥቶም ወደ ኋላ ተመለሰ።

ይህን የትሏን ነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው እንደ ተረት እናልፈዋለን። ዳሩ ግን አንድ ነገር እንመልከት። ያሬድ ሲመለስ አክሱም ያው አክሱም ናት። መምህሩ ያው ናቸው፤ የዳዊት መዝሙርም አንድ ቁጥር አልጐደለለትም። የሳቁበት ልጆች እንኳ በቦታቸው አሉ። የተለወጠው የእርሱ ልብ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ሥራውም መጽሐፍ መግለጥ ሳይሆን ከመምህሩ እግር ወድቆ ይቅርታ መጠየቅ ሆነ። ገድሉ አእምሮው የተከፈተለት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው ይላል፤ እኛም ይህን አንክድም። ነገር ግን ጸጋው የወረደለት ተመልሶ ከመምህሩ ፊት በተቀመጠ ጊዜ እንጂ በመደባይ መንገድ ላይ ሳለ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በአፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በእርሱ ተገኙ። ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው ተብለው ይቈጠራሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት አደላደሉለት። ያሬድ እንደ ትሏ የተመላለሰበትን ትምህርት የድጓ ተማሪ ዛሬም እየወደቀ እየተነሣ ለብዙ ዓመታት ይማረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም የሚጠራው በዚያው ትምህርት በከበደው ልጅ ስም ነው።

ያሬድ ግን አንድ ጊዜ ደግሞ ከአክሱም ወጥቷል። አንድ ቀን ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የያዙትን ጦር በእግሩ ላይ ተከሉት፤ ደሙ ሲፈስ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ ደንግጠው የወደደውን እንዲለምን በመሐላ ቃል ገቡለት። እርሱም ሹመትና ርስት ትቶ ከከተማ ወጥቶ በምንኵስና እንዲኖር እንዲፈቅዱለት ብቻ ለመነ። ንጉሡ አዘኑ፤ መሐላቸውን ግን አላጠፉም። ያሬድም በታቦተ ጽዮን ፊት ጸልዮና ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። እስከ ዕለተ ዕረፍቱም በዚያ ሲጸልይና ሲያስተምር ኖረ። መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ነው።

እንግዲህ ሁለቱን መውጣት እናስተያይ። አንደኛው በስውር ነበር፤ ሁለተኛው በግልጽ። አንደኛው ሥራ ሳይጀመር ነበር፤ ሁለተኛው ሥራ ከተፈጸመ በኋላ። በአንደኛው ከልጆች ሣቅ ሸሸ፤ በሁለተኛው የንጉሥ ሞገስ በእጁ ሳለ ተወው። ስለዚህ መሄድ ሁሉ ሽሽት ነው አንልም። ትምህርት ለውጦ፥ አገር ለውጦ የተሻለ ሰው የሆነ ብዙ አለ። ሽሽት መሆኑ የሚታወቀው ከአወጣጡ ነው።

ሻንጣውን ላሠረው ወንድማችን የምንለምነው ጥቂት ነገር ነው። በሌሊት አይሂድ። አስቀድሞ ከመምህሩ ቢሮ ገብቶ ስለ ውጤቱ ይነጋገር፤ ያጠፋውንም አጥፍቻለሁ ይበል። ከዚያ በኋላም መሄድ የሚሻለው ከሆነ ሁላችንም አውቶቡስ ድረስ ሻንጣውን ተሸክመን እንሸኘዋለን። እንዲቀር ከሆነ ግን በንባብ ክፍሉ ውስጥ ወንበሩን ጠብቀንለታል።