ዘር የመሰከረለት መንገደኛ

እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጐንደር ተነሥቶ፣ የአገውን ምድር አልፎ፣ ከእንጅባራ ብዙም ከማይርቀው ከግሽ ዐባይ የደረሰው በጥቅምት ወር 1763 ዓ.ም. ነው። ምንጩን ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ለመባል አጥብቆ ቢሻም፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ቄስ በ1610 ዓ.ም. ቀድሞት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ለማመን አልወደደም። የኋላ ኋላ እርሱም የሚያምነው አጣ። በ1766 ዓ.ም. ለንደን ገብቶ ያየውን ቢያወራ፣ ሊቁ ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው።

ነገር ግን ሰውዬው ዘር ቋጥሮ ነበር። ወደ ስናር ሲወርድ ከያዘው ተቅማጥ ያዳነውን የዋጊኖስን ዘር የኪው አትክልተኞች ተቀብለው፣ ከአገራቸው ብርድ ከልለው፣ በእሳት በሚሞቅ ቤት ውስጥ አበቀሉት፤ የሳይንስ ስሙም በብሩስ ተሰየመ።

የእንሰት ነገር ግን ሳይሆንለት ቀረ። ከዐባይ ማዶ በሜጫ ምድር ይተከል የነበረውን ይህን ተክል በመጽሐፉ በሥዕል እንጂ በቁመናው ሊያሳያቸው አልቻለም። በ1786 ዓ.ም. እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ከ60 ዓመት ግድም በኋላ በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን የእንሰት ዘር ለኪው ላከ። ዘሩም በመስተዋት ቤት በቅሎ፣ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ በ1850ዎቹ አበበ።