ከባሕር ሥር እሳት ያነደዱት መሐንዲስ፤ የአድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ሕይወት

ከደሴ ወደ ወልድያ ሲጓዝ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ፣ ከአምባሰል ተራሮች ወዲህ የተንጣለለውን ውኃ ሳያይ አያልፍም። ይህ ሐይቅ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። በ1959 መጨረሻ አገልግሎት የጀመረችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ባለ ባሊስቲክ ሚሳይል ሰርጓጅ መርከብ «ጆርጅ ዋሽንግተን» ርዝመቷ 116 ሜትር ስለነበረ፣ በዚያ ጥልቅ ውስጥ ቀጥ ብላ ብትቆም ሠላሳ ሜትር ያህሉ አካሏ ከውኃው በላይ ይቀር ነበር። በዚህች የብረት ቧንቧ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ፀሐይ ሳያዩ ከሁለት ወር በላይ ይኖሩ ነበር። ይህን ያስቻለው የኑክሌር ሞተር የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ያለ አንድ ሰው ግን በዚያ ፍጥነትና በዚያ ጥራት ባልተገኘም ነበር። ያም ሰው አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪኮቨር በ1900 በዚያን ጊዜ የሩሲያ ግዛት በነበረችው ፖላንድ፣ ከአንድ ድኻ የአይሁድ ልብስ ሰፊ ቤት ተወለዱ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በቺካጎ ሲቀመጥ፣ ልጁ ትምህርቱን የጨረሰው ቴሌግራም እያደለ ነው። በ1918 የባሕር ኃይል አካዳሚ ገብተው በ1922 ተመረቁ፤ በ1929 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የማስተርስ ዲግሪ አገኙ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ያገለገሉባት «ኤስ-48» የተባለች ሰርጓጅ መርከብ በብልሽቷ የታወቀች ነበረች። የዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ በእውነቱ ስትፈልግ የምትጠልቅ የገጽ መርከብ እንጂ የባሕር ውስጥ መርከብ አልነበረችም። የናፍጣ ሞተር አየር ይሻል፤ ከውኃ በታች የሚሠራው ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ መሙላት ግድ ይሆናል። ሪኮቨር ይህን ጉድለት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኖሩበት የዘይት ሽታና ከሠሩበት ሞተር ተማሩት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይሉን የመርከብ ኤሌክትሪክ ክፍል መሩ። በ1946 የአቶሚክ ኃይልን እንዲያጠኑ ወደ ኦክ ሪጅ ሲላኩ፣ የሚፈልጉትን አወቁ፤ ዩራኒየም ሲነድ አየር አይፈልግም። አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። በከፍተኛ ግፊት የታፈነ ውኃ በሪአክተሩ ውስጥ እያለፈ ሳይፈላ ይግላል፤ ሙቀቱን ለሌላ ውኃ ያስረክባል፤ ያኛው እንፋሎት ሆኖ ተርባይን ያዞራል። ሥራውን የከበደ ያደረገው ዝገት የማይበላው ብረት፣ የማያፈስ ቱቦ፣ ጨረር የሚከለክል ግድግዳ፣ ይህም ሁሉ ከአንድ ክፍል በማይበልጥ ቦታ ውስጥ መግጠሙ ነው። የባሕር ኃይሉ አለቆች ግን ሰውዬውን አልወደዱትም፤ በ1951ና በ1952 የአድሚራልነት ማዕረግ ነፈጓቸው። ማዕረጉን በ1953 ያገኙት ምክር ቤቱ ጣልቃ ስለገባ ነው።

«ናውቲለስ» በጥር 1955 በኑክሌር ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ ተጓዘች፤ በነሐሴ 1958 በበረዶው ሥር አልፋ የሰሜን ዋልታን ረገጠች። በዚያው ዘመን ሶቪየቶች አስቀድመው ነበር፤ በመስከረም 1955 ከአንዲት የናፍጣ ሰርጓጅ መርከብ ላይ፣ በገጸ ባሕር ሳለች፣ ባሊስቲክ ሚሳይል ተኩሰዋል። አሜሪካኖች በፖላሪስ ፕሮግራም ሲጣደፉ አዲስ መርከብ እስኪነድፉ አልጠበቁም፤ በመሠራት ላይ የነበረችን ሰርጓጅ መርከብ ከመካከል ቈርጠው 40 ሜትር የሚያህል የሚሳይል ክፍል ጨመሩባት። «ጆርጅ ዋሽንግተን» በዚህ ዘዴ ተወለደች። ፕሮግራሙን ሪኮቨር አልመሩትም፤ እንዲያውም በመጀመሪያ ከዕቅዱ እንዲርቁ ተደርገው ነበር። ነገር ግን የምትነዳው በእርሳቸው ሪአክተር ነበር። በሐምሌ 1960 ከውኃ በታች ሆና ሚሳይል ተኮሰች፤ በተጨመቀ አየር ከመርከቧ የተወረወረው ሚሳይል ሞተሩ ከባሕሩ በላይ ሲደርስ ተቀጣጠለ። በኅዳር 1960 ዐሥራ ስድስት ሚሳይሎች ይዛ ለ66 ቀን ጠለቀች።

የውስጡ ኑሮ ሌላ ዓለም ነበር። ኦክስጅኑ ከባሕር ውኃ በኤሌክትሪክ ይለያል፤ የተነፈሱት የተቃጠለ አየር በኬሚካል ይጣራል። መስኮት የለም፤ በኋለኞቹ ዓመታት ቀኑ ራሱ 24 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 18 ሆኗል፤ ስድስት ሰዓት ጥበቃ፣ ቀሪው ዐሥራ ሁለቱ ለጥገና፣ ለጥናትና ለእንቅልፍ። ከቤተሰብ ጥቂት ቃል ያለው መልእክት ይመጣል፤ መልስ ግን አይላክም፤ መርከቧ ድምፅ ካሰማች ተገኘች ማለት ነውና። ሞተሩ ስለማይደክም ሰው እንዳይደክም ለአንዲት መርከብ ሁለት የሠራተኛ ቡድን፣ ሰማያዊና ወርቃማ የሚባል፣ ተመድቦ ይፈራረቅ ነበር። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ በውኃ በተከበበ ገዳም ማኅበር መሥርተው እንዳሳዩት፣ ሰውን በጠባብ ቦታ አብሮ የሚያኖረው ሥርዓት ነው። የእነዚያ ሥርዓት ለጸሎትና ለመጻሕፍት ነበር፤ የእነዚህኛዎቹ ግን ከተሞችን ለማጥፋት በተጠንቀቅ መጠበቅ ነበር።

ሪኮቨር የኑክሌር መኰንኖችን ሁሉ ራሳቸው እየጠሩ ይፈትኑ ነበር። የፊት እግሮቹ ባጠሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያናድዷቸዋል፤ የመለሱትን ብቻ ሳይሆን የታገሡትንም ይመዝናሉ። ይህን ጭካኔ የሚያደንቁ አሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የማደንቀው አዲስ መርከብ ለመጀመሪያ ሙከራ ስትጠልቅ ራሳቸው አብረው መግባታቸውን ነው። በሚያዝያ 1963 «ትሬሸር» 129 ሰዎች ይዛ ስትሰጥም፣ ምርመራው በብር ቅይጥ የተበየዱ የቧንቧ ማገጣጠሚያዎችን ጠረጠረ። ማገጣጠሚያው የእርሳቸው ክፍል ሥራ ባይሆንም፣ የቆመውን ሪአክተር በቶሎ ለማስነሣት የማይፈቅደው ደንብ ግን የእነርሱ ስለነበረ ወዲያው ለወጡት። የጥንቃቄያቸው ዋጋ የሚታየው በሐምሌ 1961 በሶቪየቷ «ኬ-19» ላይ ከደረሰው ጋር ሲመዛዘን ነው፤ የሪአክተሯ ማቀዝቀዣ ተሰብሮ፣ ሊጠግኑት የገቡት ስምንት ሰዎች በጨረር ምክንያት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞቱ።

ይህ ውድድር ከእኛ ባሕር ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። በአስመራ የነበረው ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካን ባሕር ኃይል የመገናኛ ክፍል ይዞ እስከ 1977 ቆየ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሶቪየቶች ያኔ በኢትዮጵያ ይዞታ ሥር በነበሩት የዳህላክ ደሴቶች፣ በኖክራ፣ የባሕር ኃይል ማረፊያ አቋቋሙ።

ሪኮቨር ከ63 ዓመት አገልግሎት በኋላ በጥር 1982 ሳይወዱ ጡረታ ወጡ። በስንብታቸው ሰሞን በምክር ቤት ፊት ቀርበው፣ ቢቻል የሠሯቸውን የኑክሌር መርከቦች ሁሉ ቢያሰጥሙ እንደሚወዱ ተናገሩ፤ የሰው ልጅ ራሱን እንዳያጠፋም ሠጉ። በ1985 ደግሞ መርከብ ሠሪው ጄኔራል ዳይናሚክስ በዓመታት ውስጥ ከ67 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታ እንደሰጣቸው ታውቆ በጽሑፍ ተወቀሱ። ኮንትራክተሮችን በአንድ ሳንቲም ሲከራከሩ ለኖሩ ሰው ይህ መራራ ነበር።

በሐምሌ 1986 ዐርፈው በአርሊንግተን መቃብር ተቀበሩ። በሕይወት ሳሉ በ1984 ስማቸውን ይዛ አገልግሎት የጀመረችው ሰርጓጅ መርከብ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርታ ተሰናበተች፤ በዚሁ ስም የተጠራች ሌላ መርከብ በጥቅምት 2023 ተተካች።