ባለ ፋኖሷ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል

የፍሎሬንስ ናይቲንጌል ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል የምትመላለስ ሴት ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ከዚያ ያለፈ አናውቅም ነበር። ታሪኳን ካነበብን በኋላ ግን ከፋኖሱ ይልቅ ያስደነቀን የሙታን ቆጠራዋ ነው። (ዘመኑን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ፍሎሬንስ በ1820 ዓ.ም. ከሀብታም እንግሊዛውያን ቤተሰብ በኢጣሊያ አገር ተወለደች፤ ስሟ የተወለደችበት ከተማ ስም ነው። ገና በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት አመነች። ቤተሰቧ ግን ማስታመም ለባለጠጋ ልጅ የሚያሳፍር ሥራ ነው ብለው ብዙ ዘመን ከለከሏት። ሙያውን በጀርመን አገር የተማረችው በ1851 ዓ.ም. ነው።

በ1854 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር አብረው ሩሲያን በክሪሚያ ወጉ። የእንግሊዝ ወታደር ሴባስቶፖልን ከብቦ በጭቃ ምሽግ ውስጥ ከረመ። በኖቬምበር የተነሣው ማዕበል የክረምት ልብስ የጫነችውን መርከብ አሰጠመበት። ቡና ይታደለዋል፣ ግን ጥሬ ቡና! መቁያ የለ፣ መውቀጫ የለ፣ ማገዶ የለ። የቡና አገር ልጆች ነንና ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ድድ የሚያደማውን በሽታ የሚከላከለው የሎሚ ጭማቂም መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን እንዲታደል የሚያዝ ጠፍቶ ሳምንታት በመጋዘን ተቀመጠ።

የታመመው ጥቁር ባሕርን በመርከብ ተሻግሮ ከቆስጠንጢንያ፣ ከዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ማዶ ወዳለው ወደ ስኩታሪ ሆስፒታል ይወሰዳል። ናይቲንጌልም 38 አስታማሚዎች ይዛ ኖቬምበር 4 ቀን 1854 ዓ.ም. የደረሰችው ወደዚሁ ነው። ሆስፒታል ይባል እንጂ የቱርክ ወታደሮች ሰፈር ነበር። በሽተኛው ወለል ላይ ተደርድሮ ተኝቷል። ሥጋ በየቡድኑ ምልክት ታስሮበት በትልቅ ጎላ ይጣላል፤ አንዱ ጥሬውን፣ ሌላው ተቀቅሎ ተበጣጥሶ ይወጣል። እርስዋ ሸሚዝና መወልወያ ገዛች፤ የወታደሮቹን ሚስቶች ቀጥራ ልብስ አሳጠበች፤ ለሕሙማን የተለየ ወጥ ቤት አቋቋመች፤ ለሟቾች ቤተሰቦች ደብዳቤ ጻፈች። ወታደሩ ገንዘቡን በመጠጥ ከሚጨርሰው ብላ ለቤተሰቡ የሚልክበትን መንገድ አበጀች። ከዚህም በላይ የታመመ ወታደር ለሆስፒታል በቀን 9 ፔንስ ሲቆረጥበት ቁስለኛው የሚቆረጥበት እኩሌታው ብቻ ነበር። በምሽግ ውስጥ በብርድ የታመመ ሰው ምን አጠፋ? ለበላዮች አሳስባ በ1855 ዓ.ም. እኩል አስደረገችው።

ሞቱ ግን አልቆመም። በፌብሩዋሪ 1855 ዓ.ም. ሆስፒታሉ ከሚቀበላቸው 100 ሰዎች 42ቱ ይሞቱ ነበር። ምክንያቱ ከወለሉ በታች ነው፤ ሕንጻው የቆመው በተደፈነ የቆሻሻ ቦይ ላይ ነበርና። በማርች ከአገራቸው የተላኩ የጤና መርማሪዎች ቦዩን አስጠረጉ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፣ ከመጠጥ ውኃው መስመርም የሞተ ፈረስ አስወጡ። ጁን ላይ ሟቹ ከ100 ወደ 2 ወረደ።

በ1856 ዓ.ም. ስትመለስ ሕዝቡ ሁሉ ያመሰግናት ነበር። እርስዋ ግን ከሒሳብ ዐዋቂው ከዊልያም ፋር ጋር መዝገቡን ትመረምር ጀመር። ያገኙት መራራ ነው፦ ወደ ስኩታሪ የተላኩት በጦር ሰፈሩ ሆስፒታሎች ከቀሩት ይልቅ ይሞቱ ነበር። ሌሊት በፋኖስ የምትዞርበት ቤት ራሱ ገዳይ ነበር ማለት ነው። እኛ ብንሆን መዝገቡን የምንዘጋው ይመስለናል። እርስዋ ግን ቁጥሩን ባለ ቀለም ሥዕል አድርጋ በ1858 ዓ.ም. አሳትማ ለባለሥልጣኖች አደለች። ከሞቱት 21 ሺህ ያህል እንግሊዛውያን ከ16 ሺህ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በጥይት ሳይሆን በበሽታ ነበር። በሰላም ጊዜም ቢሆን በእንግሊዝ ሰፈር የሚኖረው ወጣት ወታደር ከእኩያው ሲቪል እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይሞት እንደነበር አሳየች።

ከዚያ በኋላ የወታደሩ መኖሪያ መስኮት፣ ውኃና ወጥ ቤት ይሻሻል ጀመር። በ1860 ዓ.ም. የሠራዊቱ የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በለንደን የእርስዋ የነርሶች ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። አብዛኛውን ሥራዋን የሠራችው ታማ ከቤት ሳትወጣ በደብዳቤ ነበር።

በ1910 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ ዐረፈች። ታላላቆች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር እንድትቀበር ቢፈቀድም ቤተሰቧ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ቀበሯት። አስከሬኗን የተሸከሙት የሠራዊቱ ሃምሳ አለቆች ነበሩ፤ በመቃብሯ ድንጋይ ላይም ከስሟ የተጻፉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናቸው።