ለተጠማች ወፍ እንባቸውን ያጠጡ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ አንባብያን፣ መጋቢት 5 ቀን ሁልጊዜ በዐቢይ ጾም እንደሚውል አስተውላችኋል? ዐቢይ ጾም ቢዘገይ ቢዘገይ የሚገባው በዚያው ዕለት ነው፤ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ስለዚህ የጻድቁ አባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የዕረፍት በዓል በየዓመቱ የሚያገኘን ጾመኞች ሆነን ነው። በገራዶ የምትኖሩ ምእመናን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁም፣ ይህ ሰሞን ለእናንተ የበልግ ወቅት ነው። ዝናቡ ጣለ፣ አልጣለም እያላችሁ ሰማይ ሰማዩን የምታዩበት ጊዜ ነው። የ1966ቱንና የ1977ቱን ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ጥም ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገውም። እኛም ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ጥም ነው፤ ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ጥም።

የአቡዬን ሥዕል የማያውቅ የለም። ቆመው፣ እጆቻቸውን ዘርግተው፣ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ በግራና በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው ይታያሉ። ከፊታቸው አጠገብ ደግሞ አንዲት ወፍ አለች። ልጆች መጀመሪያ አንበሳውን አይተው ይፈራሉ፤ ከዚያ ዓይናቸው ወፏ ላይ ያርፋል። ምን እያደረገች እንደሆነም ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ወላጅ ዓይናቸውን ልታወጣ የመጣች ናት ብሎ ይመልሳል። አይደለም! ዓይን ልታወጣ የመጣችው ሌላ ናት፤ የእሷን ነገር ኋላ እናመጣዋለን። ይህችኛዋ ውኃ ልትጠጣ የመጣች ናት።

ገድላቸው እንደሚነግረን የተወለዱት በግብፅ አገር፣ ንሒሳ በምትባል ስፍራ ነው። አባታቸው ስምዖን፣ እናታቸው አቅሌስያ ይባላሉ። 30 ዘመን ልጅ አጥተው እያለቀሱ የለመኑ ባልና ሚስት ነበሩ። ሕፃኑ ታኅሣሥ 29 ቀን በጌታችን የልደት ዕለት ተወለዱ። የእናታቸውን ጡት አልጠቡም፤ እስከ ዕረፍታቸውም የዚህን ዓለም እህል አልቀመሱም፤ ልብስም አልለበሱም። 3 ዓመት ሲሞላቸው ቅዱስ ገብርኤል ወስዶ ለአባ ዘመደ ብርሃን ሰጣቸው፤ በገዳምም አደጉ። ከዚያ በረሃ ወረዱ። 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ጓደኞቻቸው ሆኑ። በግብፅ 300 ዓመት ከኖሩ በኋላ በቅዱስ ላሊበላ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን መጡ፤ በኢትዮጵያም 262 ዓመት ኖሩ።

ሰው ይህን ያህል እንዴት ይኖራል የሚል አይጠፋም። ገድል የመዝገብ ቤት ሰነድ አይደለም፤ አባቶች እያነበቡ፣ ሕዝቡም እየሰማ እዚህ የደረሰ የእምነት መጽሐፍ ነው። ዓመቱን መቁጠር የፈለገ ይቁጠር፤ እኛ ወደ ወፏ እንሂድ።

በበረሃ አንዲት ወፍ በውኃ ጥም ተቃጥላ ልትሞት ደረሰች። አባታችን አዩአት። እስቲ ልብ በሉ፣ እኒህ ሰው ምን አላቸው? ቅል አልያዙም፣ እንስራ የላቸው፣ ለራሳቸውም ውኃ ቀድተው አያውቁም። ድሀ ሲለምነን ኪሳችንን ዳብሰን የለኝም እንደምንለው የለኝም ቢሉ እውነታቸውን ነበር። እሳቸው ግን ለሰው ልጅ ኃጢአት የሚያፈሱት እንባ ነበራቸው። ከዓይናቸው የሚወርደውን እንባ ጠጣች፤ ነፍሷም ተመለሰች።

እዚህ ላይ በችኮላ የምናልፈው ነገር አለ። አባታችን ወፏን አልያዙአትም። አንበሳ የታዘዘላቸው ሰው አንዲት ወፍ ይዘው ማስቀረት አያቅታቸውም ነበር። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ እጆቻቸውን እዩ፤ ለጸሎት እንደተዘረጉ ናቸው። ወፏ በራሷ ክንፍ መጣች፣ በራሷ አፍ ጠጣች፣ መሄድ ስትፈልግም የሚከለክላት የለም። ደግሞስ ዓይንን ያህል ነገር ለወፍ አፍ አስጠግቶ ዝም ብሎ መቆም ቀላል ነው እንዴ? እኛ ትንኝ እንኳ ወደ ዓይናችን ስትመጣ እንዴት እንደምንወራጭ እናውቀዋለን።

ለወፍ መራራት ከአቡዬ የተጀመረ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ግለጡ። በመንገድ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከነጫጩቶቿ እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቃት ሕግ ተሠርቶላታል። ጌታችንም በወንጌል በጥቂት ሳንቲም ስለሚሸጡ ድንቢጦች ሲያስተምር ከእነርሱ አንዲቱ እንኳ በአባቱ ዘንድ የተረሳች እንዳልሆነች ነግሮናል።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። በገራዶ ሜዳ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቢውል፣ ጅራፍ ቢያጮህ ማንም አይወቅሰውም። አዝመራ የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ የግሪሳ መንጋ ወርዶበት ዝም የሚል ገበሬ የለም። ይህ ሌላ ነው። የምንናገረው ከመንጋው ተነጥላ ስለወደቀችው፣ እግሯ ላይ ክር ታስሮ ልጅ እየጎተተ ስለሚጫወትባት ድንቢጥ ነው። ስትበር ክሩ ይመልሳታል፣ ስትወድቅ ይሳቃል። እናትና አባት ደግሞ ጾመው፣ ከቅዳሴ መጥተው፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አብሮ የሚጫወትበት ሰፈር ነውና አንዱን ስትመክሩ ሌላውም ይሰማል።

ክሩን ስትፈቱ አትጎትቱት፣ በመቀስ ቁረጡት፤ የወፍ እግር እንደ ጭራሮ ነው። ዓይኗን የገለጠች፣ ላባ ያወጣች ጫጩት መሬት ላይ ስትዘል ብታገኙ አታንሷት፤ መብረር እየተማረች ነው፤ እናቷም አቅራቢያ ሆና ታበላታለች። ድመት የሚመጣባት ከሆነ ከፍ ያለ ቁጥቋጦ ላይ አድርጓት። ላባ ያላወጣች ከሆነች ግን ጎጆዋን ፈልጋችሁ መልሷት። የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትጥላታለች የሚባለው ልማድ እውነት አይደለም። ተጋጭታ የደነዘዘች ወፍ ስታገኙ በተበሳሳ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለም ባለና ጸጥ ባለ ቦታ አኑሯት። አንድ ሁለት ሰዓት አርፋ ስትነቃ ካገኛችሁባት ቦታ ወስዳችሁ ካርቶኑን ክፈቱላት። ወተት አትስጧት፤ ሆዷ አይችለውም። ውኃም አፏን ከፍታችሁ አታፍስሱባት፤ የአየር ቧንቧዋ ከምላሷ ሥር ስለሚጀምር ታንቋት ትሞታለች። በዝርግ ሳህን ጠጠር ጨምሩና ውኃ አድርጉላት፤ ራሷ ትጠጣ። አቡዬም ያደረጉት ይህንኑ አልነበረም?

ያቺኛዋስ ወፍ? አባታችን ወደ ዝቋላ መጡ። ዝቋላ ቁመቱ 2,989 ሜትር የሆነ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ነው፤ በአናቱ ላይ ሐይቅ አለው። የኢትዮጵያን ሕዝብ ኃጢአት አይተው ምሕረት ለመለመን በዚያ ሐይቅ ራሳቸውን ቁልቁል አድርገው 100 ዓመት እንደጸለዩ ገድሉ ይተርካል። ሰይጣንም ጸሎታቸውን ሊያስተዋቸው ፈለገ። የመጣው በአንበሳ አምሳል አይደለም፤ አንበሳማ ወዳጃቸው ነው። በቁራ ተመስሎ መጣና ዓይናቸውን ነቁሮ አጠፋው። ለወፍ እንባ ያጠጣው ዓይን በወፍ አምሳል ጠፋ!

እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? አንድ ጊዜ ያበላነው ሰው ሲነክሰን ከዚያ ወዲያ ለማንም በራችንን አንከፍትም። ለምን ለፋሁ እንላለን። እሳቸው ግን 2 ሳምንት ዓይን ሳይኖራቸው ጸሎታቸውን ሳያቋርጡ ቆዩ። ከዚያ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል መጥተው ፈወሷቸው፤ ዓይናቸው እንደ ቀድሞው በራ። ቂም ግን በገድሉ ውስጥ የለም።

ከዝቋላ ሌላ በምድረ ከብድም ኖረዋል፤ ያረፉትም መጋቢት 5 ቀን ነው። በዚህ ዕለትና በጥቅምት 5 በሁለቱም ገዳማት ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። በየወሩም በ5 ዝክራቸው ይዘከራል። ሥዕላቸውን የሣሉ የጥንት አባቶችም ሁለቱን ወፎች ያውቁ ነበር፤ በፊታቸው አጠገብ የሣሏት ግን የተጠማችዋን ነው። ልጆቻችሁ ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቋችሁ እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው።

የጻድቁ አባታችን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በረከት ይደርብን፤ አሜን።