ራምቦና የሟች ሸሪኩ ዕዳ

በደቡብ በኩል ከሐኪም ጋራ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የጀጐልን ግንብ፥ በውስጡም ተጠጋግተው የተሠሩትን ቤቶች ባንድ ጊዜ ያያቸዋል። ቀድሞ ከዚህ ግንብ በሮች ቡና፥ ቆዳና የዝሆን ጥርስ የጫነ ግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር፤ ሲመለስም አቡጀዲና ልዩ ልዩ የፈረንጅ ዕቃ ይዞ ይመጣ ነበር። እኛም በዕረፍት ጊዜ ወደዚያ በሄድን ጊዜ አስጐብኚው የራምቦ ቤት የሚባለውን ባለፎቅ ቤት በጣቱ አሳየን። ቤቱ ራምቦ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ስለ ሆነ ራምቦ አልኖረበትም። ስሙ ግን ተጣብቆበት ቀርቷል።

ስለ አርቱር ራምቦ ባለቅኔነት በየአገሩ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ቅኔውን ሳይሆን ዕዳውን ነው። ምክንያቱም ቅኔ የምንገጥመው ጥቂቶቻችን ስንሆን ዕዳ የሌለብን ግን ከዚያም እናንሳለን። ከመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ የዱቤ መዝገቡን በገለጠ ቁጥር መንገድ ቀይረን የምንሄድ ስንት ነን? የዕዳ ክፋቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ቀና ብሎ የሚሄድበትን መንገድ ማጥበቡ ነው። ራምቦ ይህን መንገድ አንድ ጊዜ አጥቦ እንደ ገና ያሰፋው ሰው ስለ ሆነ ታሪኩ ይጠቅመናል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ራምቦ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፥ ሻርልቪል በተባለች ከተማ፥ በጥቅምት 20 ቀን 1854 ተወለደ። አባቱ ወታደር ነበረና ቤቱን ትቶ ሄደ፤ ልጆቹን ያሳደገች ቁጥብና ቁጡ የሆነች እናቱ ናት። ልጁ በትምህርቱ ከጓደኞቹ ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም ሒሳብ መክፈል ግን ገና ከልጅነቱ አልሆነለትም። በ1870 ገና 15 ዓመቱ ሳለ ከቤት ጠፍቶ ሙሉ ቲኬት ሳይቆርጥ በባቡር ፓሪስ ገባ። ወዲያው ተይዞ ወህኒ ቤት ተጣለ፤ ዕዳውን ከፍሎ ያስፈታው መምህሩ ዦርዥ ኢዛምባር ነበር። በ1873 ደግሞ አንድ መጽሐፉን ብራስልስ ውስጥ አሳተመ። ጥቂት ቅጂ ወስዶ ለወዳጆቹ ካደለ በኋላ የቀረውን የማተሚያ ዋጋ ስላልከፈለ መጽሐፉ በአታሚው ግምጃ ቤት ተቆለፈበት። ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፥ 20 ዓመት ከሞላው ወዲህ፥ ቅኔ መጻፉን ፈጽሞ ተወ።

ቀጥሎ ብዙ አገር ዞረ። በ1880 ዓደን ደርሶ ባርዴ በተባለ የፈረንሳይ የቡና ነጋዴ ድርጅት ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ወደ ሐረር ተላከ። ሐረር በዚያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች፤ እነርሱም ከ1875 እስከ 1885 ገዝተዋታል። ራምቦ ቡናና ቆዳ እየገዛ፥ ወደ ዓደን እየወረደና እየተመለሰ ሠራ፤ ስለ ኦጋዴን ምድር የጻፈው ዘገባም በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ደመወዙን ቆጥቦ ያጠራቀማት ጥሪት ነበረችው። ይህችን ጥሪት ነው እንግዲህ በአንድ ውል ላይ ያዋላት።

ውሉ የተፈጸመው በጥቅምት 1885 ነው። ፒየር ላባቱ የሚባል በሸዋ የሚነግድ ፈረንሳዊ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማቅረብ ሸሪክ ይፈልግ ነበርና ራምቦ ገባ። ጭነቱ 2,040 አሮጌ ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግተን ጥይት ነበር። ሸሪኮቹ ጠመንጃውን አንዱን በ15 ጠገራ ብር፥ ጥይቱን ሺሁን በ60 ብር ሊሸጡ አስበው፥ ከሌላው ዕቃ ጋር ጠቅላላውን ወደ 40,000 ብር ገምተውት ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ሀብታም የሚያደርግ ንግድ ነበር።

ነገር ግን ወረቀት በረሃ አያቋርጥም። ራምቦ ታጁራ ላይ ግመል ሲጠብቅ፥ ፈቃድ ሲለምን፥ የፈረንሳይ መንግሥት የጦር መሣሪያ እንዳያልፍ ያወጣው ክልከላ እስኪነሣለት ሲጽፍ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀረው። በዚህ መካከል ላባቱ በነቀርሳ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ሞተ። ራምቦ ከፖል ሶሌዬ ጋር ተባብሮ ሊሄድ ቢያስብ እርሱም በመስከረም 1886 ዓደን ላይ በድንገት ሞተ። በጥቅምት ወር ራምቦ ብቻውን ግመሎቹን ነድቶ ተነሣ። የአፋርን በረሃ ለማቋረጥ አራት ወር ፈጀበት።

የካቲት 6 ቀን 1887 አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ አልነበሩም። በጥር ወር በጨለንቆ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ይዘው ነበርና ራምቦ እንጦጦ ላይ ጠበቃቸው። ንጉሥ ምኒልክ ከሐረር ብዙ መሣሪያ አግኝተው ስለ ተመለሱ አሮጌ ጠመንጃ የሚያስቸግራቸው አልነበረም። ስለዚህ ጭነቱን በሙሉ እጅግ ዝቅ ባለ ዋጋ ወሰዱት፤ ከዚያም ላይ የግመሉ ኪራይና ላባቱ ከቤተ መንግሥት የተበደረው ገንዘብ ተቀነሰ። የቀረውንም በጥሬ ብር አልከፈሉትም፤ አዲሱ የሐረር ገዥ ደጃዝማች መኰንን እንዲከፍሉት የሚያዝ ደብዳቤ ሰጡት።

ዕዳ ከሜዳ የሚባለው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ላባቱ በሸዋ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ስለ ነበረ ከብዙ ሰው ተበድሯል፤ የብዙ አገልጋይ ደመወዝም አልከፈለም። የሟቹ ሸሪክ መጣ የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ ባለዕዳ ነኝ የሚለው ሁሉ በራምቦ ደጅ ተሰበሰበ። ራምቦ የራሱ ጥሪት እየቀለጠ ሳለ የሌላ ሰው ዕዳ ለምን እከፍላለሁ ብሎ ቢከራከር በሕግ ዐይን ምናልባት የሚሰማው ያገኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ ያደረገውን ልብ ብለን ብንመለከተው ይጠቅመናል። ዕዳውን በሁለት ከፈለው። ላባቱን አገልግለው ደመወዛቸውን ላጡ ድኾች፥ እንዲሁም ማስረጃ ይዘው ለመጡት ከፈለ። ዱቧ የሚባል አንድ ፈረንጅ ያለ ነቀፋ የሚገባው ሃያ ብር ያህል ነበረውና ያንን ከሰጠው በኋላ፥ ሰውየው በባዶ እግሩ መሄዱን ቢነግረው፥ በወለድ ፈንታ የገዛ ጫማውን ጨመረለት። ቸርነቱ በተወራ ጊዜ ግን ተረት የሚያወሩ ባለዕዳዎች እየበዙ ሄዱ፤ እነዚህን አሰናበታቸው። ከእንጦጦ በተነሣበት ጧት እንኳ አንዱ ከቁጥቋጦ ውስጥ ብቅ ብሎ በእመቤታችን ስም ሲለምነው፥ ሌላው ከገደል አፋፍ ወርዶ ለወንድሙ የተገባውን 12 ብር ሲጠይቀው፥ ራምቦ ጊዜው አልፏል ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

አንድ ትልቅ ስሕተትም ሠርቷል። ከላባቱ መበለት ጋር ስለ ሟቹ ንብረት ሲጣላ 34 የሚሆኑ የላባቱን ማስታወሻ ደብተሮች በንዴት እሳት ውስጥ ጨመራቸው። በኋላ እንደ ተረዳው በደብተሮቹ መካከል የንብረት ወረቀቶች ነበሩባቸው። ለመብቱ ሊመሰክርለት የሚችለውን ወረቀት በገዛ እጁ አቃጠለ ማለት ነው። በችኰላ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ይህ እንዳይደርስበት ይጠንቀቅ።

ግንቦት 1 ቀን 1887 ከዡል ቦሬሊ ጋር በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ጉዞ ጀመረ። ደጃዝማች መኰንን ሐረርን ገና መረከባቸው ስለ ነበረ ግምጃ ቤቱ ጥሬ ብር አልነበረውም። ስለዚህ ለገንዘቡ በምጽዋ ነጋዴዎች ላይ ሐዋላ ጻፉለት፤ አንደኛው የ5,000፥ ሁለተኛው የ2,500 ብር ነበረ። ራምቦ ይህን ይዞ ምጽዋ ሲደርስ መታወቂያ ወረቀት ስላልያዘ ተያዘ፤ በዚያ ያለው የፈረንሳይ ቆንሲል ስለ ማንነቱ ወደ ዓደን ጽፎ እስኪጠይቅ ድረስ እንደ አጭበርባሪ ተቈጠረ። ሰባት ዓመት በዚህ ባሕር ዳርቻ የነገደ ሰው የሚያውቀኝ አለ የሚልበት ደረጃ ላይ ወደቀ። ስም መጥፋት ማለት ይህ ነው።

በዓደን የነበረው የፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል ስለ ላባቱ ዕዳ ማብራሪያ ሲጠይቀው ራምቦ አልሸሸም። በኅዳር 1887 ገቢና ወጪውን፥ ለማን ምን እንደ ከፈለና ለምን እንዳልከፈለ በዝርዝር ጽፎ አቀረበ። ድምሩ የሚያሳዝን ነበር፤ 21 ወር ከደከመ በኋላ ካፒታሉን 60 በመቶ አጥቷል። ካይሮ ላይ የቀረችውን 16,000 ፍራንክ ያህል ወርቅ በቀበቶው አሥሮ ሲሄድ ክብደቷ 8 ኪሎ ያህል ስለ ነበረ ታሳምመው ነበር፤ በመጨረሻ ባንክ አስቀመጣት።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ማንም ወደማያውቀው አገር መሄድ ነው፤ ዛንዚባርንም አስቦ ነበር። ሁለተኛው ኪሳራውን ሁሉም ወደሚያውቅበት ከተማ መመለስ ነው። በ1888 ሐረር ተመለሰ። እኛ የራምቦን ዳግመኛ መነሣት የምንቈጥረው ከዚህ ቀን ነው። ምክንያቱም እምነት እንደ ጠፋበት ቦታ ሆኖ የሚገኝበት ሌላ ቦታ የለም።

አሁን ግን በአንድ ጊዜ የሚያከብር ጭነት አልፈለገም። ከዓደኑ ነጋዴ ከቄሳር ቲያን ጋር ተዋውሎ እርሱ ጨርቅና ሸቀጥ እየላከለት፥ ራምቦ ደግሞ ቡና፥ ሙጫ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ቆዳ እየላከ ሒሳብ ይተሳሰቡ ጀመር። ወደ ሸዋ የሚላከውን ዕቃ የሚሸጥለት የምኒልክ መሐንዲስ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ወደ ኢልግ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ድስት፥ ስለ መቀስና ስለ ጨርቅ ዋጋ፥ ስለ ግመል ኪራይና ስለ ብር ምንዛሪ የሚነጋገሩ ናቸው። ቅኔ የሚፈልግባቸው ሰው ያዝናል፤ እኛ ግን እምነት በትንሽ በትንሹ እንዴት እንደሚጠገን እናይባቸዋለን። ዕቃ በሄደ ቁጥር ሒሳብ ይከተለዋል፤ ሒሳብ በተዘጋ ቁጥር የሚቀጥለው ጭነት ይታመናል።

ዘመኑም ቀላል አልነበረም። ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ በ1888 ጀምሮ አገሩን ይጨርስ ነበር፤ የሐረር ግምጃ ቤትም ብር እያጣ ነጋዴው ይቸገር ነበር። ደጃዝማች መኰንን ራሳቸው በ1889 ወደ ኢጣልያ ተልከው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲዋዋሉ መያዣ የሆነው የሐረር ጉምሩክ ነበር። ውሉ በኋላ ፈረሰና ጉምሩኩ በኢጣልያ እጅ አልገባም፤ ቢሆንም መበደር ለነጋዴም ለመንግሥትም ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ያሳያል።

ራምቦን ቅዱስ ልናደርገው አንፈልግም። ንግዱ የጦር መሣሪያም ንግድ ነበር። ከዚህም የሚብስ፥ በ1889 ኢልግን አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ ልጆች እንዲገዛለት ጠይቆታል፤ ኢልግም ባሪያ ገዝቼ አላውቅም፥ አልጀምርምም ብሎ መለሰለት። ሒሳቡ የጠራ ሰው ልቡ ሁሉ የጠራ ነው ማለት አይቻልም። ለእኛ የሚጠቅመንን ስንወስድ ይህንንም አንደብቅም።

በ1891 መጀመሪያ የቀኝ ጉልበቱ አበጠ። መራመድ ሲያቅተው አልጋ ላይ ሆኖ በመስኮት ቡናው ሲመዘን ይመለከት ነበር። ንግዱን በችኰላና በኪሳራ ዘግቶ ሚያዝያ 7 ቀን ራሱ ባሠራው ቃሬዛ በ16 ሰዎች ትከሻ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ያህል በዝናብና በሐሩር ተጓዘ። ዓደን ሲደርስ ሐኪም የእግሩን ነገር አሳሳቢ ነው ቢለውም ከቲያን ጋር ሒሳቡን ሳይዘጋ አልተሳፈረም፤ ከዚያም የ37,450 ፍራንክ የባንክ ሐዋላ ተቀበለ። ከአራት ዓመት በፊት በምጽዋ መንገድ እንደ አጭበርባሪ የተያዘው ሰው ነው ይህ።

ግንቦት 27 ቀን ማርሴይ ላይ እግሩ ተቈረጠ። ከሦስት ቀን በኋላ ለራስ መኰንን ጽፎ ወደ ሐረር ተመልሶ እንደ ቀድሞው ሊነግድ ማሰቡን ነገራቸው። ራስ መኰንንም በሐምሌ ወር የማጽናኛ ደብዳቤ ጻፉለት። ዕዳ በተበጠበጠበት ዘመን ሐዋላ የጻፉለት ሰው በመጨረሻው ወዳጅ ሆነው ተገኙ። ራምቦ ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ሞተ። በሞቱ ዋዜማ ያስጻፈው ደብዳቤ የዝሆን ጥርስ ቍጥር ይዘረዝርና ስለ መርከብ ጉዞ ይጠይቃል። ለሐረሩ አገልጋዩ ለጃሚም 3,000 ፍራንክ እንዲሰጥ ተናዘዘ።

ብራስልስ የቀረው መጽሐፍ በ1901 በአታሚው ግምጃ ቤት ተገኘ። ባልተከፈለ ሒሳብ ምክንያት 28 ዓመት ተቆልፎ ኖሯል። እንግዲህ ከአንድ ሰው ሁለት ሒሳብ እናነባለን፤ በወጣትነቱ ትቶት የሄደውንና በጐልማሳነቱ የሌላውን ጭምር የከፈለውን።

እኛም የራሳችንን እንክፈል። የታወቀውን ዕዳ ከተጠራጠርነው እንለይ፤ ከድኻው እንጀምር፤ ወረቀታችንን አናቃጥል፤ በጠያቂ ፊት ሒሳባችንን እንግለጥ፤ ከሁሉም በላይ መንገድ አንቀይር። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው እኛም ከፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ መዝገብ ላይ ስማችን ሰፍሮ ይገኛል። በዚህ ወር መጨረሻ በደጁ ፊት ለፊት እናልፋለን።